ሙት ወቃሹ ሎርድ

በጃንዋሪ 22 ቀን 1879 ማለዳ፣ በዙሉ ምድር ማንጌኒ በሚባል ወንዝ አጠገብ፣ የእንግሊዙ የጦር አዛዥ ሎርድ ቸልምስፎርድ ከመኮንኖቹ ጋር ቁርስ ይበላ ነበር። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ የጦሩን ግማሽ ያህል ይዞ ከሰፈር የወጣው የዙሉ ሠራዊት ከፊቱ ያለ መስሎት ነው። ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ያገኘው ግን እዚህም እዚያም ብቅ ብሎ የሚሰወር ጥቂት ጦረኛ ብቻ ሆነ። ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ፈረሰኛ ወረቀት ይዞ ደረሰ። የላከው ሰፈሩን እንዲጠብቅ የተተወው ሌተና ኮሎኔል ፑሌን ነው። ዙሉዎች ከሰፈሩ በስተግራ በኩል በብዛት እየመጡ ነው ይላል ወረቀቱ።

ሜጀር ክሌሪ መልእክቱን ለጄኔራሉ አሳይቶ ምን ይደረግ ሲል ጠየቀው። ጄኔራሉ የሚደረግ ነገር የለም ብሎ መለሰ። ለማንኛውም ግን ሚልን የተባለውን የባሕር ኃይል መኮንን ከፍ ካለ ቦታ ወጥቶ በረጅሙ መነጽር እንዲያይ አዘዘው። ሚልን ከሩቅ ነጫጭ ድንኳኖቹን አያቸው፤ እንደተተከሉ ናቸው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ጦር ሰፈሩ ሲጠቃ መጀመሪያ ድንኳኑን ይጥላልና የቆመ ድንኳን የሰላም ምልክት ነው። የተለየ ነገር ቢኖር በሬዎቹ ወደ ድንኳኖቹ ጠጋ ማለታቸው ነበር። በሬ ቦታ ቢቀይር ማን ልብ ይለዋል?

ከሰዓት በኋላ ኮማንዳንት ሎንስዴል የተባለ መኮንን ታምሞና ደክሞት፣ ፈረሱ ላይ እያንቀላፋ ብቻውን ወደ ሰፈሩ ተመለሰ። በድንኳኖቹ መካከል ቀይ ኮት የለበሱ ሰዎች ሲመላለሱ አየና ወገኖቹ መሰሉት። ጠጋ ሲል ኮቱን የለበሱት ዙሉዎች ናቸው። ፈረሱን አዙሮ ጋለበ፤ ጥይት እየተከተለው አመለጠ። ለጄኔራሉ ሰፈሩ እንደተያዘ ሲነግረው ጄኔራሉ ጆሮውን ማመን አቃተው። እዚያ እኮ ሺህ ሰው ትቼ ነበር አለ።

ይህ ሰው ከ11 ዓመት በፊት በእኛ አገር ነበር። ያኔ ሎርድ አልነበረም፤ ኮሎኔል ፍሬደሪክ ኦገስተስ ቴሲጀር ይባላል። ከጄኔራል ናፒየር ጋር ከዙላ ወደብ ተነሥቶ መቅደላ የወጣ፣ የዐፄ ቴዎድሮስን መጨረሻ ያየ መኮንን ነው። የመቅደላን ዘመቻ ስናወራ ናፒየርን፣ ራሳምን፣ ካሜሮንን እንጠራለን እንጂ ቴሲጀርን የሚያስታውስ እምብዛም የለም። የእኔ ግምት ግን ይህ ነው፤ በዚያ ሰፈር፣ በኢሳንድልዋና ሜዳ፣ የወደቀው ጦር ከወደቀባቸው ምክንያቶች አንዱ ጄኔራሉ ከመቅደላ ይዞት የተመለሰው የተሳሳተ ትምህርት ነው። (ዓመታቱ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በገንዘብ የተገዛ ማዕረግ

ቴሲጀሮች ከጥንት የመጡ መኳንንት አይደሉም። ቅድመ አያትየው ከጀርመን አገር ከሳክሶኒ መጥቶ የአንድ እንግሊዛዊ መስፍን ጸሐፊ የሆነ ሰው ነው። አባትየው በልጅነቱ ባሕረኛ ሆኖ በ1807 ኮፐንሃገን በመድፍ ስትደበደብ ነበረ። ኋላ በካሪቢያን፣ በሴንት ቪንሰንት ደሴት በባሪያ ጉልበት የሚለማ የቤተሰብ ርስት ይወርሳል ተብሎ ሲጠበቅ፣ በ1812 እሳተ ገሞራ ፈነዳና ርስቱን አጠፋው። ወጣቱ ፊቱን ወደ ሕግ ትምህርት አዞረ። በሕጉ ሥራ ወደ ላይ ወጥቶ ወጥቶ በ1858 የእንግሊዝ ሎርድ ቻንስለር ሆነ፤ የባሮንነት ማዕረግም ተሰጠው። የቸልምስፎርድ ጌትነት የተጀመረው በዚህ ነው፤ ልጁ ፍሬደሪክ የ30 ዓመት ሰው ከሆነ በኋላ ማለት ነው።

ፍሬደሪክ በ1827 ተወለደ፤ የጌቶች ልጆች በሚማሩበት በኢተን ተማረ። በ1844 በራይፍል ብርጌድ ውስጥ የመጀመሪያ ማዕረጉን ገዛ። ገዛ ማለቴ በቀጥታ ነው፤ ገንዘብ ከፍሎ። እስከ 1871 ድረስ በእንግሊዝ እግረኛና ፈረሰኛ ጦር ሹመት የሚሸጥ ዕቃ ነበር፤ መንግሥት ያወጣለት የዋጋ ዝርዝር ሁሉ አለው። በተራው እግረኛ ክፍለ ጦር የመጨረሻው ትንሽ መኮንን ማዕረግ 450 ፓውንድ፣ የሌተና ኮሎኔልነት 4,500 ፓውንድ ነው። የንጉሣውያኑ ክብር ዘበኛ በሆኑት ጦሮች ደግሞ ሌተና ኮሎኔልነት 9,000 ይደርሳል። ይህ በደንቡ ላይ ያለው ነው፤ በጓሮ የሚጨመረው ሌላ ነው። ሀብታም ያልሆነ መኮንን ከሥሩ የነበረ ልጅ በላዩ ሲያልፍ እያየ ይሸብታል።

የአሠራሩ ጠበቆች መኮንንነት የጨዋ ልጅ ሥራ ነው፤ ንብረት ያለው ሰው በመንግሥት ላይ አይነሣም ይሉ ነበር። ለንግሥና የማይመች ክርክር አይደለም። ለጦርነት ግን አይመችም።

ቴሲጀር ካናዳ ውስጥ ሃሊፋክስ ጥቂት ቆይቶ ወደ ግሬናዲየር ጋርድስ ተዛወረ። በ1855 ክሪሚያ ዘመተ፤ እዚያ የሠራው በአብዛኛው በጄኔራሎች አጠገብ፣ በአዛዦች ጽሕፈት ቤት ነው። በ1858 የ95ኛው ክፍለ ጦር ሌተና ኮሎኔል ሆኖ ሕንድ ሄደ፤ ታላቁ የሕንዶች ዓመፅ ሊያበቃ ሲል ደረሰ። ከዚያ በኋላ ረጅም ዓመት በቦምቤይ ኖረ፤ የጄኔራል ሂዝን ልጅ አድሪያን በ1867 አገባ። በቦምቤይ ሌላም ሰው ተዋወቀ። የግዛቱ ገዥ ሰር ባርትል ፍሬር ወዳጁ ሆነ፤ ይህ ወዳጅነት በኋላ ለብዙ ሺህ ሰው ሞት መንገድ ከፍቷል።

ያወቁት ሁሉ ስለ ጠባዩ ክፉ አይናገሩም። ትሑት፣ ታታሪ፣ ወታደሩን የማያንገላታ ረጅም ሰው ነበር። ይህን የምጽፈው ለሚዛን ብዬ አይደለም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጨካኝ ጄኔራል የሚፈልግ አንባቢ አያገኝም፤ ያ ነው ነገሩን ከባድ የሚያደርገው።

ከዙላ እስከ መቅደላ

በ1867 ክረምት የለንደን ካቢኔ በኢትዮጵያ ላይ እንዲዘመት ሲወስን ከተቀመጡት ሚኒስትሮች አንዱ ሎርድ ቻንስለሩ፣ አባትየው ቸልምስፎርድ ነበር። ልጁ ደግሞ ከቦምቤይ ከሚነሣው ጦር ጋር የሚዘምት ምክትል አጁታንት ጄኔራል ሆነ። የአጁታንት ጄኔራል ቢሮ የአዛዡን ትእዛዝ ያስተላልፋል፤ የሰው ኃይልንና ሥነ ሥርዓትን ይቆጣጠራል፤ የሟችና የቁስለኛው ቁጥርም የሚያልፈው በዚሁ በኩል ነው።

ጠቅላይ አዛዡ ሮበርት ናፒየር ሌላ ዓይነት ሰው ነው። በሴይሎን ደሴት ተወለደ፤ መሐንዲስ ሆነ። ማዕረጉን አልገዛም፤ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጦር ሹመት አይሸጥም ነበርና። ጦርነትን የሚያየው እንደ መሐንዲስ ነው፤ ውሃው ከየት ይመጣል፣ መንገዱ ስንት ቶን ይሸከማል፣ በቅሎዋ ምን ትበላለች? 13,000 ወታደር ለማዝመት 26,000 የሚሆን ጓዝ ጫኝ፣ ለጓሚና አገልጋይ፣ ከ40,000 በላይ እንስሳ አስከተለ። ከነዚህ ውስጥ 44ቱ ከባድ መድፍ የሚሸከሙ የሕንድ ዝሆኖች ናቸው። ዙላ ላይ የመርከብ ማራገፊያ ተሠራ፤ የባሕር ውሃ በእንፋሎት እየተጣራ ተጠጣ፤ ከወደቡ ወደ ተራራው ግርጌ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ። ለእህልና ለመኖ መግዣ የሚሆነውን የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ቪየና ላይ አስቀረጹት። ገበሬው ሌላ ብር እንደማይቀበል አጣርተው ነበር የመጡት።

ከሁሉም የበለጠው ዝግጅት ግን ፖለቲካው ነው። በ1868 መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ አገራቸው ከእጃቸው ወጥታ ነበር። በትግራይ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ፣ በላስታ ዋግሹም ጎበዜ፣ በሸዋ ንጉሥ ምኒልክ፣ በወሎም መኳንንቱ ሁሉ ፊታቸውን አዙረውባቸዋል። ናፒየር ከካሣ ጋር ተገናኝቶ ተስማማ፤ የሚያልፍበት ገበሬ እህልና ሣር በብር ሸጠለት። እንግሊዝ ከዙላ እስከ መቅደላ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ አንድም ጦር መንገዱን አልዘጋበትም። መቅደላ የደረሰው በአንድ ብቸኛ ንጉሥ ደጃፍ ነው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የስቅለት ዕለት፣ ከቀትር በኋላ የቴዎድሮስ ጦር በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት ከፋላ ተራራ እየፎከረ ወደ አሮጌ ሜዳ ወረደ። ከላይ መድፍ ይተኮሳል፤ ሰማዩም ያጉረመርማል። የእንግሊዝ ወታደር የያዘው ስናይደር የሚባለውን አዲስ ጠመንጃ ነበር፤ በአፈሙዙ ሳይሆን በስተኋላው የሚጎርስ። አፈሙዝ ጎራሹ ጠመንጃ አንዴ እስኪተኩስ ይህ ደጋግሞ ይተኩሳል። ሲመሽ ከኢትዮጵያውያኑ 700 ያህል ሞተው ነበር፤ ገብርዬም አብሮ ወደቀ። የቆሰለው ከዚያ ይበልጣል። ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት 20 ናቸው፤ ከነዚህ ውስጥ ሁለቱ ሞቱ።

በሦስተኛው ቀን፣ በማዕዶት ሰኞ፣ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ከዚያ ዘረፋው፣ በደላንታ ሜዳ የተደረገው የብራናና የንዋየ ቅድሳት ጨረታ፣ የልዑል ዓለማየሁ መወሰድ መጣ፤ ይህን አንባቢ ያውቀዋል።

ቴሲጀር ከመቅደላ የተመለሰው ኒሻን ተሸልሞ፣ የንግሥቲቱ የክብር ረዳት ተብሎ ነው፤ በማግሥቱ ዓመት የሕንድ ጦር አጁታንት ጄኔራል ሆነ። ከመቅደላ ምን ተማረ? ሁለት ትምህርት ነበረ። አንዱ የናፒየር ነው፤ መንገዱ፣ ብሩ፣ በቅሎው፣ ከካሣ ጋር የተደረገው ስምምነት፣ በየጣቢያው የተመሸገው መጋዘን። ሁለተኛው የአሮጌ ሜዳ ሒሳብ ነው፤ 700 ለ2። የመጀመሪያው ለዓይን አይማርክም፣ ለመዘርዘርም ያሰለቻል። ሁለተኛውን ግን ማንም አይረሳውም። ከአሥር ዓመት በኋላ በደቡብ አፍሪካ ያደረገውን ሳይ ሁለተኛውን ብቻ ይዞ የሄደ ይመስለኛል።

ልብ ላለው ሰው ሌላ ማስጠንቀቂያም በዚያው በእኛ ሰፈር ተጽፎ ነበር። ደጃዝማች ካሣ ዐፄ ዮሐንስ ሆነው በነገሡ በአራተኛው ዓመት፣ በ1875፣ በዴንማርካዊው አሬንድሩፕ የሚመራ፣ ዘመናዊ ጠመንጃ የታጠቀ የግብፅ ጦር ጉንደት ላይ ተደመሰሰ። በ1876 ሌላው፣ አሜሪካውያን መኮንኖች ያሉበት ጦር፣ ጉራ ላይ ተሰበረ። አንድ የሆነ ሠራዊት፣ መልክዓ ምድሩን የሚያውቅ አዛዥ፣ የተበታተነ ወራሪ። ከዚያ እስከ ኢሳንድልዋና ያለው ጊዜ ሦስት ዓመት ብቻ ነው።

የፍሬር ጦርነት

በ1878 መጀመሪያ ቴሲጀር የደቡብ አፍሪካ ጦር አዛዥ ሆኖ ተላከ። የዚያ ግዛት ከፍተኛ ኮሚሽነር የድሮው የቦምቤይ ወዳጁ ባርትል ፍሬር ነው። በመጀመሪያ ከኮሳዎች ጋር የነበረውን ዘጠነኛውን የድንበር ጦርነት ጨረሰ። ኮሳዎች በጫካ ተሸሽገው የሚወጉ እንጂ ሜዳ ላይ ወጥተው የሚሰለፉ አልነበሩም። ቴሲጀር ከዚህ የወሰደው አፍሪካዊ ጦር ተሰልፎ ከሚተኩስ እግረኛ ፊት አይቆምም የሚለውን ነው። በኦክቶበር አባቱ ሞተ፤ እርሱም ሁለተኛው ባሮን ቸልምስፎርድ ሆነ።

ፍሬር ደቡብ አፍሪካን በአንድ ግዛት ለመጠቅለል ይፈልግ ነበር፤ የንጉሥ ሴትሽዋዮ የዙሉ መንግሥት እንቅፋት ሆነበት። ለንደን ጦርነት አልፈለገችም፤ አፍጋኒስታን ላይ ሌላ ጦርነት ተይዛለች። ነገር ግን የቴሌግራፍ መስመር ገና እስከ ኬፕ አልደረሰም። መልእክት ግማሹን መንገድ በመርከብ ይሄዳል፤ ጥያቄና መልስ ሳምንታት ይፈጃል። ፍሬር ይህን ክፍተት ተጠቀመበት። በዲሴምበር 11 ቀን 1878 የዙሉ መልእክተኞች ቱጌላ ወንዝ ዳር ተጠርተው የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተነበበላቸው። ከተጠየቁት ነገሮች ዋናው ንጉሡ ሠራዊታቸውን እንዲበትኑ ነው። የዙሉ ወጣት ሁሉ በዕድሜው በክፍለ ጦር የሚደራጅበት፣ ጋብቻውም ሥራውም ከዚሁ ጋር የተያያዘበት ሥርዓት ነበርና፣ ሠራዊቱን በትን ማለት አገሩን አፍርስ ማለት ነው። ሴትሽዋዮ ሊቀበሉት አይችሉም፤ ፍሬርም ይህን ያውቃል። ጃንዋሪ 11 እንግሊዝ ወንዙን ተሻገረች።

ቸልምስፎርድ ዙሉዎች ይሸሹኛል ብሎ ነበር የሚፈራው። ያሸንፉኛል የሚል ሐሳብ ያለው አይመስልም። ስለዚህ ጦሩን በየአቅጣጫው በታተነው፤ ሦስቱ ክፍል በተለያየ መንገድ ገቡ። ጓዙ በበሬ በሚጎተት ሠረገላ ነው፤ በሬ ደግሞ የዕለቱን ብዙ ሰዓት መጋጥና ማረፍ አለበት፤ ክረምት ስለሆነ ጭቃው ይውጠዋል። ከዙሉ ጋር ቀድመው የተዋጉት ቦኤር የሚባሉት ነጭ ሰፋሪዎች፣ ፖል ክሩገርም ጭምር፣ በሄድክበት ሁሉ ሠረገላዎቹን በክብ አሰልፈህ ሰፈርህን እጠር ብለው መክረውት ነበር። ጃንዋሪ 20 ቀን ኢሳንድልዋና ከሚባለው የተቀመጠ አንበሳ ከሚመስል አለት ሥር ሲሰፍር ግን ምሽግ አልተቆፈረም፤ ሠረገላም አልተደረደረም። መሬቱ ድንጋያማ ነው፤ ሠረገላዎቹ ለስንቅ ይፈለጋሉ፤ ቶሎ እንነሣለን ተባለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል የእኛ ሰው።

የዙሉ ዋና ሠራዊት፣ 20,000 የሚበልጥ ሰው፣ በንትሺንግዋዮ ካማሆሌና በማቩሜንግዋና መሪነት ከሰፈሩ ብዙም በማይርቅ ንግዌቤኒ በሚባል ሸለቆ ውስጥ ያለ ድምፅ ተቀምጦ ነበር። ቸልምስፎርድ ሌሊት የወጣው ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው። ቀትር ሲቃረብ፣ ከብት ሲያባርሩ የነበሩ ፈረሰኞች የሸለቆው አፋፍ ላይ ደርሰው ወደ ታች ሲመለከቱ ሠራዊቱን አዩት። ሠራዊቱም አያቸውና ተነሣ።

የዙሉ አሰላለፍ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ደረት የሚሉት መካከሉ ጠላትን ይይዛል፤ ቀንድ የሚሏቸው ሁለቱ ክንፎች ዞረው ከኋላ ይገጥማሉ፤ ደጀኑ ይጠብቃል። ማርቲኒ ሄንሪ የተባለው የእንግሊዝ ጠመንጃ ከስናይደርም የተሻለ ነው፤ በመጀመሪያው ሰዓት ብዙ ሰው ጣለ። ነገር ግን የፑሌን ወታደሮች ሰፈሩን ከበው በመቆም ፈንታ ሩቅ ወጥተው በቀጭን መስመር ተዘርግተዋል። የሮያል ኢንጂነርስ ኮሎኔል ደርንፎርድ ጠዋት ደርሶ ከአፍሪካውያን ፈረሰኞቹ ጋር ወደ ቀኝ ወጥቶ ነበር፤ ጥይታቸው ሲያልቅ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ የግራው ቀንድ በዚያ ገባ። የቀኙ ቀንድ በተራራው ጀርባ ዞሮ ሮርክስ ድሪፍት ወደሚባለው የወንዝ መሻገሪያ የሚወስደውን መንገድ ዘጋ። በዚሁ ውጊያ መካከል ፀሐይ በከፊል ተጋረደች።

በእንግሊዝ ሰፈር ከነበረው 1,700 የሚሆን ሰው ከ1,300 በላይ ሞተ። ከሞቱት ውስጥ 400 የሚበልጡት ከናታል የመጡ አፍሪካውያን ወታደሮች ናቸው። ፑሌን ሞተ፤ ደርንፎርድ ሞተ። ከዙሉዎቹም ሺህ ወይም ከዚያ በላይ ወደቀ። ሴትሽዋዮ የድሉን ዋጋ ሲሰሙ በሕዝባቸው ሆድ ጦር እንደተሰካ ያህል አዘኑ ይባላል።

ቸልምስፎርድ ሲመሽ ተመልሶ በሬሳ መካከል አደረ። ሊነጋ ሲል፣ ወታደሩ የጓደኛውን ፊት እንዳያይ፣ ጨለማው ሳይገፍ አስነሣው። በመንገድ ላይ አስገራሚ ነገር ሆነ። ከሮርክስ ድሪፍት ውጊያ ደክሞ የሚመለስ በሺህ የሚቆጠር የዙሉ ጦር በአጠገባቸው አለፈ። ሁለቱ ተያዩ። አንዱም አልተኮሰም፤ ሁለቱም መንገዳቸውን ቀጠሉ። በሮርክስ ድሪፍት 150 ያህል ወታደሮች በብስኩት ሣጥንና በእህል ጆንያ ምሽግ ሠርተው ሌሊቱን ሙሉ ተከላክለው ነበር። ለእነርሱ 11 የቪክቶሪያ መስቀል ተሰጠ። ጋዜጣው በዚህ ሞላ። ጀግንነታቸው ሐሰት አይደለም፤ ለአንዳንድ ሰው ግን በደኅና ጊዜ የመጣ ጀግንነት ነው። ደግሞም አንድ ነገር አሳየ፤ የእህል ጆንያ እንኳ ቢደረደር ሰፈር ይጠበቃል።

የሞተ ሰው ጥፋት

ወሬው ለንደን የደረሰው ፌብሩዋሪ 11 ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዲዝራኤሊ ተናደደ። ከቴሲጀር ቤት ጋር የቆየ ነገርም ነበረው፤ በ1868 ሥልጣን እንደያዘ አባትየውን ከቻንስለርነት ያለ ብዙ ወግ ያሰናበተው እርሱ ነው። አሁን ልጁን እንዲያነሣ ብዙ ሰው ቢጠይቅም ንግሥት ቪክቶሪያና የጦሩ የበላይ የካምብሪጅ መስፍን ይህን አልደገፉም።

በዚህ መካከል በሄልፕሜካር የምርመራ ጉባኤ ተቀመጠ፤ ከጦርነቱ አምስት ቀን በኋላ። ጉባኤው እንዲሰማ እንጂ እንዲፈርድ አልታዘዘም። የጥቂት ሰዎችን ቃል መዝግቦ ተበተነ። ከዚያ በኋላ ከቸልምስፎርድ ጽሕፈት ቤት የሚወጣው ወሬ አንድ መልክ ያዘ፤ ሰፈሩን እንዲጠብቅ የታዘዘው ደርንፎርድ ነው፤ ዕዙን የተረከበው ደርንፎርድ ነው፤ ትእዛዝ ጥሶ የወጣው ደርንፎርድ ነው። የጄኔራሉ ጸሐፊ ክሪሎክ ደርንፎርድ ዕዙን እንዲረከብ እኔው ራሴ ጽፌለታለሁ ብሎ መሰከረ። ትእዛዙ ከጊዜ በኋላ ተገኘ። ያለውን ጦር ይዞ ወደ ሰፈሩ እንዲመጣ ያዛል። ዕዝ ተረከብ የሚል ቃል የለበትም።

ሙት ወቃሽ አያርገኝ ይላል አማርኛ ተናጋሪ፣ ሬሳ ላይ ጥፋት ሊጭን ሲል እንኳ። ቸልምስፎርድ በ1880 በሎርዶች ምክር ቤት ቆሞ ይህንኑ አደረገ። ደርንፎርድ መልስ ሊሰጥ አይችልም። የመለሱለት ወንድሙ ኤድዋርድና የናታሉ ጳጳስ የኮሌንሶ ልጅ ፍራንሲስ ናቸው፤ ስለ ጦርነቱ አመጣጥ መጽሐፍ ጽፈው እስኪደክማቸው ተሟገቱ።

የጦር ቢሮው ራሱ ግን እውነቱን አላጣውም። የጦሩ አጁታንት ጄኔራል ኤሊስ በኦገስት 1879 ባዘጋጀው ማስታወሻ የዙሉዎች ድል ዋና ምክንያት የማጥቃት ኃይላቸው ዝቅ ተደርጎ መገመቱ ነው አለ። ጽሑፉ ለሕዝብ አልተነበበም።

ቸልምስፎርድ ስሙን ለማደስ የቀረው ውጊያ ብቻ ነው። ብዙ ተጨማሪ ጦር ተላከለት፤ ኤፕሪል 2 ጊንጊንድሎቩ ላይ አሸንፎ በኤሾዌ የተከበቡትን አስለቀቀ። ጁን 1 ደግሞ የናፖሊዮን ሣልሳዊ ልጅ፣ ጦርነት ልይ ብሎ ከጄኔራሉ ጋር የተቀመጠው ወጣት ልዑል፣ በቅኝት ላይ ሳለ ተገደለ፤ ይህ በአውሮፓ ከኢሳንድልዋና የማይተናነስ ጩኸት አስነሣ። የሚተካው ጋርኔት ዎልስሊ ደቡብ አፍሪካ ገብቶ እኔ እስክመጣ ጠብቅ እያለ ይጽፍለታል። ቸልምስፎርድ ግን ቀደመው። ጁላይ 4 ኡሉንዲ ላይ 5,000 የሚሆን ጦር በአራት ማዕዘን አሰልፎ፣ መድፍና ጋትሊንግ መትረየስ በየማዕዘኑ ተክሎ፣ የሴትሽዋዮን ከተማ አቃጠለ። ከዙሉዎች ከሺህ በላይ፣ ከእንግሊዝ ከ15 ያነሰ ሞተ። የአሮጌ ሒሳብ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሥልጣኑን ለቀቀ።

አገሩ ሲገባ ዲዝራኤሊ በገጠር ቤቱ ሊቀበለው አልፈቀደም። ንግሥቲቱ ግን ባልሞራል ጠርተው አስተናገዱት፤ ታላቁን የባዝ መስቀልም ተሸለመ። ያው 1879 በቪክቶሪያ ጥላ ሥር ያደገው ልዑል ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ ሊድስ ላይ ያረፈበት ዓመት ነው፤ ኖቬምበር 14። ቸልምስፎርድ ከዚያ በኋላ ጦር አልመራም። የለንደን ግንብ ሌተናንት ሆነ፤ በ1888 ሙሉ ጄኔራል ተባለ፤ የክብር ሹመቱ አልተቋረጠም። በኤፕሪል 1905 በአንድ የመኮንኖች ክበብ ቢሊያርድ ሲጫወት ሳለ ወድቆ ሞተ።

የአዲስ አበባው ቤት

ጄኔራሉ ወንዶች ልጆች ነበሩት። የመጀመሪያው የሕንድ እንደራሴ ሆነ፤ የአምሪትሳር ጭፍጨፋ የተፈጸመው በእርሱ ዘመን ነው። ሦስተኛው ዊልፍሬድ በ1909 መጨረሻ የእንግሊዝ ሚኒስትር ሆኖ አዲስ አበባ ገባ። ምኒልክ ታምመው፣ ቤተ መንግሥቱ በሹክሹክታ የተሞላበት ጊዜ ነው። በ1910 እዚያው በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ የበኩር ልጁ ተወለደ፤ እርሱም ዊልፍሬድ ተባለ።

በ1916 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱና ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ሲገሠግሡ፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሕፃን ልጃቸውን አስፋ ወሰንን የሚያስቀምጡበት አስተማማኝ ቦታ ፈለጉ። የመረጡት የቴሲጀርን ቤት ነው። የሰገሌ ጦርነት አልፎ ድሉ እስኪታወቅ ሕፃኑ በዚያ ቆየ። መቅደላ የዘመተው ጄኔራል ልጅ የኢትዮጵያን የዙፋን ወራሽ ደብቆ ጠበቀ ማለት ነው። የስድስት ዓመቱ ትንሹ ዊልፍሬድ ከሰገሌ የተመለሰውን ጦር የድል ሰልፍ አይቶ፣ ዕድሜ ልኩን እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም ሲል ኖረ።

ተፈሪ ውለታውን አልረሱም። በ1930 ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሲነግሡ አባቱ ለሞተበት፣ ገና ተማሪ ለነበረው ወጣት የግል ጥሪ ላኩለት። ከሦስት ዓመት በኋላ ይኸው ወጣት አዋሽ የሚጠፋበትን ቦታ ፍለጋ በአፋር በረሃ ሄደ፤ ወንዙን እስከ አቤ ሐይቅ ተከትሎ ደረሰ። በ1941 ደግሞ በእንግሊዙ መኮንን በዊንጌት ጦር ውስጥ ከአርበኞች ጋር ተሰልፎ ጣሊያንን ወጋ፤ አጊባርን በመያዙ ትልቅ የጀግንነት ኒሻን ተሰጠው። ያኔ ከእርሱ ጋር የተሰለፉት ኢትዮጵያውያን አያቱን አያውቁም። ቢያውቁም ኖሮ ስለ አያቱ ሳይሆን ስለ ጥይቱ ነበር የሚጠይቁት።